ቅጹ ከመጻፉ በፊት፦ በወላይታ የዝሆኔ በሽታ የዘረመል ጥናት ፈቃድ የተጠየቀበት መንገድ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በምርምር ሥነ ምግባር ሥልጠናዎች ላይ ስለ ተሳታፊዎች ስምምነት ሲነሣ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በቅጹ ላይ ነው፤ ምን ምን አንቀጽ ይኑረው፣ በየትኛው ቋንቋ ይተርጎም፣ ፊርማው ወይም የጣት አሻራው የት ይረፍ በሚለው ላይ። ቅጹ ከመጻፉ በፊት ጥናቱ ወደሚካሄድበት ቀበሌ ሄዶ፣ ይህን ጥያቄ ይዘን ብንመጣ በእናንተና በቤተሰባችሁ ላይ ምን ይደርሳል ብሎ መጠየቅ ግን እንደ ሥራ አይቆጠርም፤ በጀትም ጊዜም አይያዝለትም። ከዚህ በታች የቀረበው ጉዳይ ይህ ሥራ አስቀድሞ የተሠራበትና የጥናቱን አካሄድ የቀየረበት ነው። የሕክምና፣ የዘረመል፣ የሥነ ማኅበረሰብና የጤና ትምህርት ዕውቀት በአንድ ላይ ያስፈለገበት በመሆኑ፣ ከእነዚህ ዘርፎች በአንዱ ብቻ የሠለጠነ ተመራማሪ የትኛው ክፍል ሊያመልጠው እንደሚችል በግልጽ ያሳያል። ተሳታፊዎቹም ሆኑ ተመራማሪዎቹ በስም አልተጠቀሱም።

በሽታው

በአማርኛ ዝሆኔ የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። አንደኛው በትንኝ አማካይነት በሚተላለፍ ጥገኛ ትል የሚመጣ ሲሆን፣ ሁለተኛውና በደጋማው የአገራችን ክፍል በብዛት የሚታየው ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ይህ ሁለተኛው ትልም ተዋሲያንም የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው። በጣም ደቃቅ የሆኑ የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ውስጥ አልፈው ከሰውነት ፈሳሽ ወደሚያስወግዱት የሊምፍ ቧንቧዎች ይገባሉ፤ በዚያም መቆጣትንና መጥበብን ያስከትላሉ፤ ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግሩ ያብጣል። እብጠቱ ከእግር ጣቶችና ከመርገጫው ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከጉልበት አያልፍም። ሁለቱም እግሮች ይታመማሉ፤ እኩል ግን አያብጡም።

ስያሜውን የሰጠውና ከአፈር ጋር ያለውን ግንኙነት በስፋት ያጠናው፣ በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ስሙ እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው። በኋላ በጎጃም የተሠራ የአፈርና የመልክዓ ምድር ጥናት በሽታው ኳርትዝ፣ ማይካና ስሜክታይት የተባሉ ማዕድናት ከሚገኙበት አፈር ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ፖዶኮኒዮሲስን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንዳሉበት ይገመታል። ጫማ ማድረግ የተለመደ ነገር በሆነባቸው በሰሜን አፍሪካና በአውሮፓ አካባቢዎች በሽታው ያለ መድኃኒትና ያለ ክትባት ጠፍቷል።

የወላይታ ሁኔታ

ወላይታ በሽታው ጎልቶ ከሚታይባቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት የሕመሙ ስርጭት 5.46 በመቶ መሆኑን አስፍሯል። ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣ የኢኮኖሚ ጥናት ደግሞ አንድ ሕመምተኛ ከሥራ ቀኖቹ 45 በመቶውን በበሽታው ምክንያት እንደሚያጣ፣ የዞኑ አጠቃላይ ኪሳራም በዓመት ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚበልጥ አሳይቷል። በእርሻ ለሚኖር ቤተሰብ ከሥራ ቀኖች ግማሽ ያህሉን ማጣት ማለት በክረምቱ መጀመሪያ መዝራት ያለበትን ሳይዘራ ማሳለፍ ማለት ነው።

ከገንዘቡ የሚከብደው ግን መገለሉ ነው። ያበጠ እግር ያለው ሰው በትምህርት ቤት፣ በገበያና በእምነት ቦታ ይሸሻል፤ ጋብቻ ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም በጋብቻ ጊዜ የሚመዘነው ሕመምተኛው ብቻ ሳይሆን እግራቸው ጤነኛ የሆነ ወንድሞቹና እኅቶቹም ጭምር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በአካባቢው ካሉ የጤና ባለሙያዎች ራሳቸው ግማሽ ያህሉ በሽታው ተላላፊ ነው ብለው እንደሚያምኑና ሕሙማንን ሲያክሙ እንዳይይዛቸው እንደሚፈሩ አሳይቷል። ሐኪሙ የሚፈራውን በሽተኛ ጎረቤት አይፈራውም ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ሕክምናው ረቂቅ አይደለም። በሶዶ ሞሲ ፉት በሚል ስም የሚታወቀው የሕሙማን መርጃ ድርጅት በሚሠራባቸው የሕክምና ጣቢያዎች ሕመምተኛው በሳፋ ንጹሕ ውኃ ይቀርብለታል፤ ትንሽ በረኪና ይጨመርበታል፤ እግሩን ለተወሰነ ጊዜ ይዘፈዝፋል። ከዚያ በሳሙና ታጥቦ፣ በተለይ በጣቶቹ መካከልና በቆዳው እጥፋቶች ውስጥ ያለው እርጥበት በጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃል፤ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይቀባል። እብጠቱ ከባድ ከሆነ ፋሻ ከጣቶቹ ጀምሮ ወደ ላይ ይጠቀለላል፤ በመጨረሻም ካልሲና ጫማ ይደረጋል። ያበጠው እግር ገበያ ላይ በሚገኝ ጫማ ውስጥ ስለማይገባ ሰፋ ያለ ጫማ በልክ ይሰፋለታል። ከታከሙት ሕሙማን መካከል ጫማ መስፋት ተምረው ለሌሎች የሚሰፉ ነበሩ፤ የሕክምና ጣቢያዎቹን የሚያስተባብሩትም ሰዎች ከሕሙማኑ መካከል የወጡ ናቸው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በኋላ ለጥናቱ ትልቅ ጥቅም ሰጥቷል።

ችግሩ

ለተመራማሪዎቹ መልስ የሚሻው ጥያቄ ይህ ነበር፦ በአንድ መንደር፣ በአንድ አፈር ላይ፣ ሁሉም በባዶ እግሩ እየሄደ ለምን አንዱ ይታመማል ሌላው አይታመምም? እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የቤተሰብ ጥናት የአንድ ሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው አምስት እጥፍ ያህል እንደሆነና፣ በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ በዘር ውርስ የሚገለጽ መሆኑን አሳየ። ይህ ቁጥር ከመቶ ሕሙማን 63ቱ ከወላጆቻቸው ወረሱት ማለት አይደለም። አፈሩን ያልረገጠ ሰው፣ የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ምንም ይሁን ምን፣ አይታመምም። ቀጣዩ እርምጃ ተጋላጭ የሚያደርገውን የዘረመል ክፍል ለይቶ ማግኘት ነበር፤ ለዚህም ከሕሙማንና ከጤነኞች ናሙና መሰብሰብ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ችግሩ ይጀምራል። ኅብረተሰቡ ሕሙማንን ከሚያገልባቸው ምክንያቶች አንዱ በሽታው የቤተሰብ ነው የሚለው እምነት ነው፤ ሳይንሱ ደግሞ ይህ እምነት በከፊል እውነት መሆኑን ሊያረጋግጥ መጣ። ለማወቅ ብቻ የመጣ ተመራማሪ ሳያስበው ለአግላዮቹ ማስረጃ አቀባይ ሊሆን ነው።

የቋንቋውን ነገር በተመለከተ የራሴን አስተያየት ልጨምር። በአማርኛ በሚዘጋጁ የመረጃ ወረቀቶች ላይ ዘረመል የሚለውን ቃል ስንጠቀም ሳይንሳዊና ገለልተኛ ቃል የተጠቀምን ይመስለናል፤ በገጠር ጆሮ ግን ቀድሞ የሚሰማው "ዘር" ነው። ዘር ደግሞ በአገራችን የባዮሎጂ ቃል ከመሆኑ በፊት የጋብቻ ቃል ነው፤ ሽማግሌ ተልኮ ሰባት ቤት የሚቆጠርበት፣ ወገን የሚጠየቅበት፣ ልጅ የሚሰጥበትና የሚከለከልበት ነው። "በዘር የሚተላለፍ" የሚለው ሐረግ ታዲያ ለአንባቢው ስለ ሕዋስ የሚናገር ሳይሆን ስለ ልጁ ሠርግ የሚናገር ሆኖ ይሰማዋል። ወላይትኛ በሚነገርበት አካባቢ ቃሉ ሌላ ቢሆንም ፍርሃቱ ያው ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ተመራማሪዎቹ ናሙና ከመሰብሰባቸው በፊት አጭር ዓይነታዊ ጥናት አካሄዱ፤ ይህ አሠራር በኋላ ፈጣን የሥነ ምግባር ግምገማ የሚል መጠሪያ አግኝቷል። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2009 በሁለት ጽሑፎች ታተመ። በጥልቅ ቃለ መጠይቅና በቡድን ውይይት ሕሙማንን፣ ጤነኛ የአካባቢ ነዋሪዎችን፣ የማኅበረሰብ መሪዎችን፣ የመስክ ሠራተኞችን፣ ተመራማሪዎችንና የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላትን አነጋገሩ። የተመራማሪዎቹና የኮሚቴው መካተት ቀላል ነገር አይደለም፤ ቅጹን የሚጽፈውና የሚያጸድቀው አካል ምን እንደሚያስብ ካልታወቀ ከነዋሪው የተሰማው ብቻውን አይበቃም።

ከተገኙት ነጥቦች ዋናዎቹ እነዚህ ነበሩ። ሰዎች የሚወስኑት በመረጃው ይዘት ከመመርኮዝ ይልቅ መረጃውን ያመጣውን ሰው በማመን ወይም ባለማመን ነበር። ምርምርንና ሕክምናን ለይቶ ማየት ለብዙዎች አስቸጋሪ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሐኪም መጥቶ ናሙና ከወሰደ መድኃኒት ይከተላል ብለው ይጠብቃሉ። አንዳንድ ሕሙማን ደግሞ በጥናቱ በመሳተፋቸው ብቻ ቤተሰባቸው የዝሆኔ ቤተሰብ ተብሎ እንዳይታወቅ ፈርተዋል። ስለ ውርስ የሚነገረው ነገር መገለሉን ያባብሳል የሚለው ሥጋት ከታካሚዎችም ከሌሎችም ተሰምቷል።

መፍትሔውም ከእነዚሁ ሰዎች ነው የመጣው። በሽታው በአንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ በውርስ የሚታይ ቢሆንም ሁልጊዜ ጫማ በማድረግ መከላከል ይቻላል የሚለው ሐሳብ ከውርሱ ወሬ ጋር አብሮ፣ ሳይነጣጠል እንዲነገር ሐሳብ አቀረቡ። ወደ ማኅበረሰቡ የሚገባውም በሕክምና ጣቢያዎቹ በሚታወቁ የመስክ ሠራተኞች በኩል እንዲሆን፣ ውይይቱ አስቀድሞ ከማኅበረሰቡ ጋር ተጀምሮ ከዚያ ወደ ግለሰቡ እንዲወርድ መከሩ።

የዘረመል ጥናቱ በዚህ መንገድ ተካሄደ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲታተም፣ ከወላይታ የመጡ 194 ሕሙማንና 203 ጤነኛ ሰዎች የተነጻጸሩበት መሆኑ፣ ግኝቱም እናት፣ አባትና ልጅ አንድ ላይ በተመረመሩባቸው 202 ቤተሰቦች እንደገና መረጋገጡ ተገልጿል። ተጋላጭነቱ ኤችኤልኤ ክፍል ሁለት ከሚባለው፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ ከሚያውቅበት የዘረመል ክፍል ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። በሽታው ለማዕድን ቅንጣቶች በሰውነት የመከላከል ሥርዓት የሚሰጥ ምላሽ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ይህ ግኝት በእጅጉ አጠናክሯል።

የሠራው

ከሁሉ በላይ የሠራው ውርሱንና ጫማውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሰር ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ማባበያ አልነበረም፤ ከሳይንሱ አንጻርም ትክክለኛው አነጋገር ነው። ውርስ ብቻውን ቢነገር እውነትን ሙሉ በሙሉ አይገልጽም፤ አፈሩ ብቻ ቢነገርም ተመራማሪው ለምን ናሙና እንደሚወስድ ከተሳታፊው መደበቅ ይሆናል። ነዋሪዎቹ ያቀረቡት ሐሳብ ውርስን ብቻ ከሚያነሣ አነጋገር ይልቅ ለእውነት የቀረበ ሆኖ መገኘቱ፣ ማኅበረሰብን ማማከር የሳይንስን ጥራት ያሳንሳል ብለው ለሚፈሩ ባልደረቦች ጥሩ መልስ ነው።

በመስክ ሠራተኞቹ መጠቀምም ውጤታማ ነበር። አንድ ሰው እግሩን በሳፋ አጥቦ ያሳየው፣ ፋሻ አጠቃለል ያስተማረው ሰው ስለ ጥናት ሲነግረው የሚሰማው ለማያውቀው እንግዳ ከሚሰጠው በተለየ ጆሮ ነው።

ያልሠራው ወይም ጥያቄ ያስነሣው

ይህ ጥንካሬ በዚያው ልክ ድክመት አለው። የሕክምና ጣቢያው ሠራተኛ ሲጠይቀው እምቢ ማለት ለሕመምተኛው ከባድ ነው፤ ነገ ሳሙናውንና ጫማውን የሚቀበለው ከዚያው እጅ ነውና። ማንም ባያስገድደውም ውለታ ያስገድደዋል። አስቀድሞ ከማኅበረሰብ መሪዎች ጋር መነጋገርም እንዲሁ ሁለት መልክ አለው፤ ሽማግሌው ወይም የቀበሌው ሹም እሺ ካለ በኋላ የግለሰቡ እምቢታ ክብርን እንደመንካት ሊቆጠር ይችላል። የማኅበረሰብ ፈቃድ ለተመራማሪው በር የሚከፍት እንጂ ለግለሰቡ ውሳኔ ምትክ የሚሆን አይደለም፤ ይህ ልዩነት ለመስክ ሠራተኞች በቃል ብቻ ሳይሆን በልምምድ ጭምር ሊሰጣቸው ይገባል። አንድ ሰው እምቢ ሲል ሠራተኛው ፊቱን ሳያጠቁር፣ ስለ ሕክምናው የነበረውን ንግግር ቀጥሎ እንዴት እንደሚሰናበት ተለማምዶ መሄድ አለበት።

የምርምርና የሕክምና መምታታትም በማብራሪያ ብቻ አይፈታም። ጤና ጣቢያ ራቅ ባለበት ቦታ ነጭ ጋውን ለብሶ የመጣ ሰው መድኃኒት አልያዝኩም ሲል ማመን ይከብዳል። በእኔ እምነት እንዲህ ባለ ቦታ የሚካሄድ ጥናት ተሳትፎን ከሕክምና ጋር ሳያያይዝ፣ ተሳተፈም አልተሳተፈም ለሁሉም የሚደርስ መሠረታዊ አገልግሎት ባለበት አካባቢ ቢካሄድ ይመረጣል፤ የወላይታው ጥናት የሕክምና ጣቢያዎች በነበሩበት ቦታ መካሄዱ በዚህ ረገድ ረድቶታል።

ከወላይታ ወደ ምሥራቅ ጎጃም

አሠራሩ በአንድ ጥናት አልቀረም። ከዓመታት በኋላ በምሥራቅ ጎጃም፣ በአነደድ ወረዳ፣ 696 ሕሙማን የተሳተፉበት የሕክምና ሙከራ ሲታቀድ ተመሳሳይ ቅድመ ግምገማ ተካሂዷል። በሙከራው ግማሾቹ የእግር እንክብካቤውን ወዲያውኑ ሲጀምሩ፣ ሌሎቹ ከ12 ወራት በኋላ እንዲጀምሩ በዕጣ ተመደቡ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ሕመምተኛውን ለቀናት አልጋ ላይ የሚጥለው ከባድ የእግር መቆጣት ወዲያውኑ እንክብካቤ ባገኙት ላይ በአንድ አምስተኛ ያህል ቀንሷል።

ዕጣ መጣል ለተመራማሪ ቀላል ነገር ነው፤ ለታመመ ሰው ግን ሐኪሙ የእኔን ሕክምና ለምን በዕጣ ይወስናል የሚል ቅሬታ ሊያስከትል ይችላል። እኔ እንዲህ ያለውን አሠራር ለማስረዳት ከዕቁብ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በዕቁብ ዕጣው የሚወስነው ማን አስቀድሞ እንደሚያገኝ እንጂ ማን ሳያገኝ እንደሚቀር አይደለም፤ ሰብሳቢውም ለወደደው ሊሰጥ አይችልም። የማኅበረሰቡ ሕይወት ውስጥ ያለ አሠራር እያለ እንግዳ ቃል መተርጎም አላስፈላጊ ድካም ነው። ነገር ግን ምሳሌው የሚሠራው ሁለተኛው ቡድን በእርግጥ ተራው የሚደርሰው ከሆነ ብቻ ነው፤ ለማይደርሰው ሰው በዕቁብ መመሰል ማታለል ይሆናል።

ለሌሎች ጥናቶች የሚወሰደው

ከጉዳዩ ለሌላ ዘርፍ የሚሻገረው የመጀመሪያው ነገር ጉዳት የሚለውን ቃል ማስፋት ነው። በቅጾቻችን ላይ የሚጻፈው ጉዳት መርፌ ሲወጋ የሚሰማ ሕመም ወይም ቃለ መጠይቁ የሚወስደው ጊዜ ነው። በወላይታ ናሙናው በራሱ የሚያስከትለው ጉዳት ከቁብ የሚገባ አልነበረም፤ ጉዳቱ ተመራማሪው በአንድ ቤት ደጃፍ ላይ መታየቱ ነበር። በትምህርት ዘርፍ ደካማ ውጤት ያላቸውን ተማሪዎች ከክፍል እየጠራ የሚያነጋግር፣ ወይም በምህንድስና ዘርፍ የአንድን መንደር የውኃ ጉድጓድ መበከል የሚለካ ተመራማሪም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል፤ መለኪያው ባይጎዳም መታየቱ ይጎዳል።

ሁለተኛው የጊዜ ነገር ነው። ይህ ዓይነት ግምገማ የዓመታት ጥናት አይፈልግም፤ ከዋናው ሥራ ጋር ሲነጻጸር አጭር ነው። ነገር ግን ከሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ በኋላ ከተካሄደ ቅጹን ለመለወጥ አዲስ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ማንም አይለውጠውም። ቦታው ከፕሮፖዛሉ መጠናቀቅ በፊት ነው፤ ለዚህ የሚሆን ገንዘብና ሰው ደግሞ ከመነሻው በዕቅዱ ውስጥ መያዝ አለበት።

ፊርማን በተመለከተ ለየብቻ ማሰብ ያሻል። በገጠር ሰው እጁን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈው ለብድር፣ ለግብር፣ ለመሬት ወይም ለክስ ነው። ጥናቱን በሙሉ ልቡ የተቀበለ ሰው ወረቀቱ ሲመጣ ወደ ኋላ ቢል፣ ያልተቀበለው ጥናቱን ሳይሆን ወረቀቱን ሊሆን ይችላል። በምስክር ፊት የሚሰጥ የቃል ስምምነት አማራጭ ሆኖ ቢቀርብ ይህን ያቃልላል።

አሁንም ያልተዘጋው ጥያቄ

ስምምነት የሚሰጠው በግለሰብ ነው፤ የዘረመል መረጃ ግን የግለሰብ ብቻ አይደለም። አንድ አባት ለናሙና እሺ ሲል ስለ ልጆቹም፣ ስለ እኅቱ ልጆችም አንድ ነገር ተናግሯል፤ እነርሱን ማንም አልጠየቃቸውም። በሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹና በሃያዎቹ የዕድሜ ክልል በመሆኑ፣ ዛሬ ጤነኛ እግር ይዞ ከታመመ አባቱ ጋር የሚኖር የስምንት ዓመት ልጅ መረጃው ከማንም በላይ የሚጠቅመው ሰው ነው፤ በበሽታው ስም ሊጠራ የሚችለውም እርሱ ነው።

ለዚህ ልጅ ውርሱን መንገር ጫማ ካልቀረበለት ፍርሃትን ብቻ ማውረስ ነው። ጫማ ቢቀርብለትም እግሩ በየዓመቱ ያድጋል፤ በክረምት ጭቃ ውስጥ ጫማ ይቀራል፤ ብዙ ልጆችም ያለቻቸውን አንድ ጫማ ለትምህርት ቤትና ለበዓል ቆጥበው ከብት ሲጠብቁና አባታቸውን በእርሻ ሲያግዙ በባዶ እግራቸው ይውላሉ። አፈሩን የሚረግጡት ደግሞ በአብዛኛው እዚያው ማሳው ላይ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ስለ ዘረመል ሊናገር የሚሄድ ባለሙያ በመጀመሪያ ሊያየው የሚገባው ከበሩ ጀርባ ስንት ጫማ እንዳለና ልጁ ማሳ ሲወርድ የትኛውን እንደሚያደርግ ነው።